አብረን ልንተው ያልነው ሲጋራ

ውጭ አገር፣ ብሉሚንግተን ከተማ ካለ አንድ ሆቴል እንግዶችን ወደ ኤርፖርት የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ከሆቴሉ ኩሽና ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አለፍ ብሎ፣ ነፋስ የማይመታው አንድ ጥግ አለ። እኔና በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ያገሬ ሰው ለዓመታት ሲጋራ ያጨስነው እዚያ ቆመን ነው። እሳቸው የሆቴሉ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። «ጋሼ» እላቸው ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ እዚያው አቅራቢያ ባለችው የሆፕኪንስ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ልጃቸው ያለው ሌላ ስቴት ነው።

እዚያ ጥግ ብዙ አናወራም። ወፍራም ጓንታቸውን ሳያወልቁ ሲጋራ መለኮስ ይችሉበታል። የራሳቸውን ለኩሰው፣ እሳቱን በመዳፋቸው ከልለው ወደኔ ያስጠጉልኛል። ስለ ሥራ አንዳንድ ነገር እንላለን፣ ብርዱን እንራገማለን፣ ከዚያ ሁለታችንም እናጨሳለን። ብሬካችን፣ የዕረፍት ሰዓታችን፣ ሲያልቅ እሳቸው ወደ መሣሪያ ክፍላቸው፣ እኔ ወደ መኪናዬ።

አንድ ቀን አምፖል ሊቀይሩ ደረጃ ሲወጡ ከግማሽ ላይ ቆመው ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ቆየት ብለው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ያላቸውን ሲነግሩኝ ስለ ሌላ ሰው መኪና የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ሳንባቸው ተበልቷል፤ የተበላው አይመለስም፤ የቀረውን ማቆየት የሚቻለው ሲጋራውን ከተዉ ብቻ ነው።

እኔም ቤቴ ውስጥ ሰላም አልነበረኝም። ባለቤቴ ካፖርቴ ከልጆቹ ልብስ ጋር እንዳይሰቀል ብላ ጋራዥ አውጥታዋለች። ልጄ በዚያ ሁሉ በረዶ መስኮት ሳትከፍት መኪናዬ ውስጥ አትቀመጥም። ስለዚህ አብረን እንተው አልኳቸው። የሥራ ባልደረቦቻችን ወደ ቬፕ፣ እንፋሎት ወደሚሳብበት የባትሪ ሲጋራ፣ ዞረው ሲጋራ እንደተዉ ሰምቼ ነበር። ጋሼ ትንሽ አሰቡና፣ «አንተ ከጀመርክ እጀምራለሁ» አሉኝ። አንድ ዓይነት ሁለት ቬፕ ገዛሁ፤ አንዱን ለሳቸው፣ አንዱን ለኔ።

የመጀመሪያ ቀን ጥጋችን ላይ ቆመን፣ ጋሼ ዕቃውን እንደ ሙቀት መለኪያ በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት። አንዴ ሳቡና እንባቸው እስኪመጣ ሳሉ። ጉሮሮዬን ይበላኛል አሉ። ብርዱ ደግሞ ባትሪውን ይገድለዋል። የኔን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ አሞቀዋለሁ፤ የሳቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ እየቀዘቀዘ ሲስቡት ምንም አይወጣውም። ጓንታቸውን አውልቀው በቀዘቀዘ ጣት ሲታገሉት ይውሉና ኪሳቸው ይመልሱታል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሳምንት ታግለዋል። እኔ ስለነገርኳቸው እንጂ ወደውት እንዳልነበር አውቃለሁ።

ለኔ ግን ሠራልኝ። ሳሌ ቀነሰ፣ የምግብ ጣዕም ተመለሰልኝ። ልጄ አንገቴ ሥር ገብታ አሸተተችኝና በእንግሊዝኛ አሁን ገና ሰው ሰው ትሸታለህ አለችኝ። ባለቤቴ ካፖርቴን ወደ ቤት መለሰችው።

ቬፕ ግን ብሬክ አያስፈልገውም። እንግዶቹን ኤርፖርት አውርጄ ባዶ መኪና ይዤ ስመለስ፣ መብራት ላይ ቆሜ፣ ነዳጅ ስቀዳ እንኳ ሳይቀር ከኪሴ አውጥቼ እስባለሁ። ወደ ኋላ በር የምሄድበት ምክንያት ቀስ በቀስ ጠፋ። መሄዴን መቼ እንዳቆምኩ እንኳ ለይቼ አላውቀውም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪናዬን ሳቆም ከጥጉ ጭስ ሲወጣ አየሁ። የቬፕ እንፋሎት አልነበረም፤ ጭስ ነው። ሄድኩ። ጋሼ ብቻቸውን ቆመው ያጨሳሉ። ሲያዩኝ አልደበቁትም። አልተቆጣሁም። ቬፑ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያንተ ዕቃ ማለቂያ የለውም» አሉኝ። «ሲጋራ ሲያልቅ ያልቃል። ትረግጠዋለህ፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ይሄኛውን ጨረስኩ የምትለው መቼ ነው?»

እስኪጨርሱ አብሬያቸው ቆምኩ። ጭሱ ፊቴን ሲመታኝ አፌ ውኃ ሞላ፤ ግን ሲጋራ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልሰጡኝም።

ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ምች ያዛቸውና ሆስፒታል ተኙ። ሲወጡ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ቤታቸው ውስጥ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም የኦክስጅን ማሽን ተተከለ፤ ቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ። እዚያ ክፍል ውስጥ እሳት መለኮስ ክልክል ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጠይቃቸው ነበር። «ይኸው እኔም ተውኩ» አሉኝ አንዴ፤ ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸው።

አንድ እሁድ ያን ዕቃህን እስቲ አሳየኝ አሉኝ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። አሸተቱትና የልጅ ከረሜላ ነው ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወደ በረንዳው እያዩ፣ «ና እንውጣ» አሉኝ።

ካፖርታቸውን አለበስኳቸው፤ ሲወጡ የሚይዟትን ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ተሸከምኩላቸው። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ከጣራው ጠብ ጠብ ይላል። የበረንዳውን ብረት ተደግፈን ከታች የሚያልፉትን መኪኖች አየን። እንደ ድሮው ብሬክ ዝም ተባባልን። በእጄም በእጃቸውም ምንም አልነበረም። ጋሼ ጣቶቻቸውን አንዴ ወደ አፋቸው አድርሰው መለሱ፤ ያወቁት አይመስለኝም። ከዚያ በረደኝ አሉኝና አስገባኋቸው።

ከፋሲካ በፊት ሞቱ። ልጃቸው መጥቶ ቀበራቸው። ልቅሶ ከተቀመጥንበት አዳራሽ ደጅ ወንዶች ቆመው ያጨሳሉ። አንዱ ፓኮውን ዘረጋልኝ። ትቻለሁ አልኩት። ጎበዝ፣ ተገላገልክ አለኝ፤ ሌሎቹም መረቁኝ። አመስግኜ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። በሩን ዘግቼ መስኮቱ ጉም እስኪለብስ ቬፔን ሳብኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ሲጋራ ዳግመኛ አልነካሁም። ሐኪሜ ቬፑ ውስጥ ያለውን የኒኮቲን መጠን ቀስ በቀስ ቀንስ ስላለኝ እየቀነስኩ ነው። በቀነስኩ ቁጥር ግን ቶሎ ቶሎ እስባለሁ። ልጄ በቅርቡ ይሄንንስ መቼ ነው የምትተወው ብላ ጠየቀችኝ። በቅርቡ አልኳት። ወደ ክፍሏ ገባች።

ሲጋራ ባጨስኩባቸው ዓመታት ቢያንስ ከአልጋ መነሳት፣ ልብስ መደረብ፣ ደጅ መውጣት ነበረብኝ። አሁን ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ትራሴ ሥር ገብቶ ቬፑን ይፈልጋል።