የጾም ታኮ

ታኮ በላሁ ብዬ ለእናቴ የነገርኳት ዕለት መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው።

«የጫማ?» አለች።

«የሚበላ ነው እማ። የሜክሲኮ ምግብ ነው።»

«ሜክሲኮማ አዲስ አበባ ያለው አይደል እንዴ? አጎትሽ ታክሲ የሚይዝበት።»

አባቴ ጋደም ካለበት ቀና ብሎ፣ «የአዲስ አበባ ሰው ጫማ መብላት ጀመረ? ኑሮው እንዲህ ከብዷል?» አለ። በሳቅ ፈረስን። ሜክሲኮ የሚባል አገር መኖሩን ሳላስረዳቸው ቀረሁ።

ታኮ ቤቱ ያለው ቆቦ፣ አስፋልቱ ዳር ነው፤ የዋጃ ሚኒባሶች ሰው ከሚጠሩበት ትንሽ ወረድ ብሎ። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል። ባለቤቷ ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። እዚያ በአንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ፣ ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን በተደረደሩበት አዳራሽ፣ የሜክሲኮውን ምግብ ስትሠራ ነው የኖረችው። ስትመለስ ሙያዋን ይዛ መጣች። ታኮ ማለት ስስ የበቆሎ ቂጣ ታጥፎ፣ በሆዱ የተፈጨ ቦሎቄ ወይም የተጠበሰ ሥጋ፣ ከላይ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ያለበት ነው።

«ቂጣችን እኮ ነው! አጥፈውት ነው እንጂ» አለች ጓደኛዬ መጀመሪያ የቀመስን ቀን።

እሷ የሮቢት ከተማ ልጅ ናት። ለትምህርት ብላ ቆቦ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ክርስቲያን ናት፣ እኔ እስላም ነኝ። እኛ አገር ይሄ የሚያለያይ ነገር አይደለም። እሷ «ወላሂ» ብላ ትምላለች፣ እኔ ስደነግጥ «በማርያም!» ይለኛል አፌ። ሥጋ ላይ ሲደርስ ብቻ ሳህን ይለያል። እኛ የነሱን ዕርድ አንበላም፣ እነሱም የእኛን። ሠርግ ላይ እንኳ ለየብቻ ይታረዳል፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም።

የታኮ ቤቷ ባለቤትም ክርስቲያን ናት። ሮብና ዓርብ ግን ጾም ስለሆነ ቤቷ ሥጋ አይገባም። መጥበሻዋ እንኳ ሌላ ነው፤ የጾም መጥበሻ አላት፣ ሥጋና ቅቤ ነክቶት የማያውቅ። ስለዚህ ሮብና ዓርብ የእኛ ቀን ነበር። አንድ ሳህን አዘን፣ ታኮውን ዘርግተን ከፍተን፣ እየጠቀለልን እንጎራረሳለን።

«እንዲህ አይበላም!» ትላለች ባለቤቷ። «በየራሳችሁ ያዙና ግመጡት። ሜክሲኮዎች ቢያዩዋችሁ ያለቅሳሉ።»

«አያዩንማ እትዬ» ትላታለች ጓደኛዬ፣ በአፌ ልክ ያልሆነ ጉርሻ እየሰደደችልኝ።

የእሷ ጾም የእኔ ግብዣ ነበር ማለት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ቀኑ ሁሉ የእኛ ሆነ። ሌላው ሰው ፋሲካ መቼ በደረሰ ይላል፣ እኔ በሆዴ እንዳይደርስ እመኝ ነበር። የሰው ጾም እንዳይፈታ የሚመኝ ምን ዓይነት ሰው ነው? እንደኔ ዓይነት ነዋ።

ፋሲካ ደረሰ። ጓደኛዬ ሮቢት ሄዳ ከቤተሰቦቿ ጋር አክብራ መጣች። የመጀመሪያው ሮብ እንደ ልማዳችን ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ግን የሥጋ ጥብስ ሽታ ተቀበለን።

«ዛሬ ሮብ አይደል እንዴ?» አልኩ።

«ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ቀን እስኪያልቅ ሮብም ዓርብም ጾም የለም» አለች ባለቤቷ። «ምን ላድርግላችሁ?»

«በቦሎቄ። አንድ ሳህን» አለች ጓደኛዬ ቶሎ ብላ።

ባለቤቷ ወገቧን ይዛ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ ሁዳዴን ሙሉ ቦሎቄ፣ ዛሬም ቦሎቄ? ሮቢት ፋሲካ አልደረሰም?»

«ቦሎቄ ነው ያማረኝ፣ እትዬ።»

ይህን ስትል ዓይኗ ያለው ጎናችን የተቀመጠው ሰውዬ ሳህን ላይ ነበር። ከሳህኑ ወደ አፉ፣ ከአፉ ወደ ሳህኑ ይከተለዋል። አየኋት። ያማራት ምን እንደሆነ ገባኝ። «ሥጋሽን ብይ፣ እኔ ቦሎቄዬን ለብቻዬ እበላለሁ» ማለት ምላሴ ላይ ነበር። አላልኩትም። ሳህኑ መጣ፣ ዘረጋነው፣ ጎረስኩ። ጣፈጠኝም። ጉሮሮዬ ላይ ቢቆም እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብም እንዲሁ። በሚቀጥለው ሮብም። በሄድን ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ሳህኑ ሲመጣ እጎርሳለሁ። ለብቻዬ የሚቀርብልኝን ሳህን ማሰቡን እንኳ ፈራሁት።

አንድ ማታ እናቴን፣ «እማ፣ ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ሥጋ ቢተው ጥፋቱ የማን ነው?» አልኳት።

«ማነው ላንቺ ብሎ ሥጋ የተወው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንምን ሥጋሽን ብይ በያት» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። እናቴ ወፍጮ ቤት ልካኝ ስለነበር ለጓደኛዬ እንደምዘገይ ነግሬያት ነበር። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው አይሠራም። እህሉን እዚያው አስቀምጬ በባጃጅ መጣሁ። ስገባ ጓደኛዬ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ክርኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይወርዳል። ቦሎቄ እንዲያ ተበልቶ አያውቅም።

«መጣሁ!» አልኩ።

ዘላ ተነሳችና ሳህኑን ጎኗ ወደተቀመጡት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ገፋችው። «የእኔ አይደለም! የሳቸው ነው!»

«የኔ?» አሉ ሹፌሩ ብርጭቋቸውን እያሳዩ። «እኔ ሻይ ነው ያዘዝኩት ልጄ።»

ባለቤቷ ከምድጃው ጀርባ ሳቋን ለቀቀችው። የጓደኛዬ ከንፈር በቅባት ያብረቀርቃል። ፊቷ ግን ሊያለቅስ ደርሷል።

«በፍስክ ቀን የገደፈ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አልኳት።

«ወላሂ አንድ ብቻ ነው! አንቺ ሳትደርሺ ልጨርስ ብዬ ነው። አብረሽኝ ተቀምጠሽ ሳህን ለየብቻ... አልችልም።»

«እሱ ብቻ መሰለሽ?» አለች ባለቤቷ ወደ እኔ። «ይቺ ልጅ ናት የጾሙን መጥበሻ አታንሺው ብላ የለመነችኝ። እኔማ ጾም እስኪመለስ ላነሳው ነበር። ሰው ሁሉ ሥጋ በሚልበት በሃምሳው ቀን ላንቺ ብዬ ቦሎቄ አፈላለሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሥጋውን መተዋ ሳያንስ መጥበሻውንም ለምናልኛለች ማለት ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ የቆርቆሮው ሙቀት ነው እንዳልል ነፋስ የሚገባበት በር ላይ ነበር የቆምኩት።

«አውቅ ነበር» አልኳት። «ሥጋው እንዳማረሽ ከመጀመሪያው ሮብ ጀምሮ አውቃለሁ። የሰውዬውን ሳህን ስታዪ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሳህናችን እንዳይለይ።»

«አንቺ ክፉ! ስንት ጊዜ ነው ምራቄን እየዋጥኩ የበላሁት ያን ቦሎቄ!»

«ይቅር በይኝ።»

«አልልም፤ መጀመሪያ ልብላ» አለች፣ ሳቋ እያመለጣት።

«እትዬ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ሁለት ሳህን። ለእሷ በሥጋ፣ ለእኔ በጾሙ።»

ሁለት ሳህን መጣ። ፊት ለፊት ተቀመጥንና እንደማይተዋወቁ መንገደኞች በየሳህናችን ላይ አቀርቅረን መብላት ጀመርን። እንደ ሜክሲኮዎቹ ይዘን ገመጥን። ባለቤቷ፣ «አሁን ገና አወቃችሁበት» አለች። አልሳቅንም። ምግቡ ያው ነው፣ ቦሎቄውም ቃሪያውም ያው ነው። ያለ እሷ እጅ ግን አፌ ውስጥ ቦታ አጣ። የፈራሁት ይሄን ነበር።

ጓደኛዬ ድንገት ተነስታ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች። በሳሙና አሸች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና አሸች። መጥታ ጣቶቿን አፍንጫዬ ሥር ደቀነች።

«ይሸታል?»

«ሳሙና ሳሙና።»

ከእኔ ሳህን ቆርሳ፣ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። «አንድ ያጣላል» አለችና ደገመችኝ። እኔም ከራሴው ሳህን አነሳሁላት። ሥጋ የነካው ከንፈሯ ጣቴን እንዳይነካው ብላ አፏን ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው በረገደችው፤ እኔም ከላይ ጣል አደረግሁላት።

«ሥጋሽን ብይ እንጂ» አልኳት። «ቀዘቀዘብሽ።»

«ቆቦ ላይ ምን ይቀዘቅዛል?» ብላ ወደ ሥጋዋ ተመለሰች። እንደተራበ ሰው ገመጠች። ደስ አለኝ። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታኝከው፤ ይህን ስንት ሮብና ዓርብ እንደከለከልኳት በፊቷ ላይ አየሁ። ደስታውም ጸጸቱም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ፣ የቱን ቀድሜ እንደምውጠው አላወቅሁም።

ግማሽ ሳታደርስ ሥጋውን አስቀምጣ እንደገና ተነሳች።

«የት ነው?»

«ልታጠብ። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀምጠሻል፣ አትበይም።»

«እበላለሁ በማርያም! ተቀመጪ!»

አልሰማችኝም። ሳሙናውን ስታነሳ ዝንቦች ሳህኗ ላይ መጡ። የሻሼን ጫፍ ይዤ፣ የማልበላውን ሥጋ እየጠበቅሁ፣ እስክትመለስ ድረስ እሽ አልኳቸው።