ታማኙ የውስጥ ምንጭ

ኢሜይል ገና ባልተለመደበት ጊዜ፣ ናይሮቢ ኢስትሊ ውስጥ ከጋሽ ታምራት ጋር አንድ ግቢ እንኖር ነበር። ጋሽ ታምራት የአንድ ስደተኛ ፓርቲ ሊቀመንበር ናቸው፤ አባላቱ በሙሉ በአንድ ማታቱ ሚኒባስ ይጫናሉ፣ ያውም ወንበር ተርፎ። ከአገር ቤት ደብዳቤ በመጣልኝ ቁጥር ደጃፌ ላይ ናቸው።

«ከውስጥ ምን ተሰማ?»

«ምንም፣ ጋሼ። እህቴ ውሃ ጠፍቶ የሰፈሩ ሴቶች ቀበሌ ሄደው ተጨቃጨቁ ትላለች።»

በሳምንቱ የፓርቲው መግለጫ በፋክስ ተበተነ፤ ከውጭ የሚተላለፍ አንድ የአማርኛ ሬድዮም አነበበው። «ታማኝ የውስጥ ምንጫችን እንዳረጋገጠው ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ተነሥቷል!» የእህቴ ሰፈር ስም ሳይቀር ተጠርቷል።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ እኔ ያልኩት ውሃ ጠፋ ነው! እህቴን ሊያሳስሩብኝ ነው እንዴ?»

«አንተ ጥሬውን አምጣ፤ ማብሰሉን ለእኛ ተወው» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ የእህቴ ደብዳቤ መጣ፤ ጋሽ ታምራትም እንደ ልማዳቸው ደጃፌ ላይ ነበሩ። ሥራቸውን ይዩት ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «ሬድዮው ሰፈራችን ታምሷል ስላለ ፈርተን በራችንን ዘግተን ተቀምጠናል። ውሃውም አልመጣም። ለመሆኑ ምን ተፈጠረ? እናንተ ከሰማችሁ ንገሩን።»

አሁንስ ያፍራሉ ብዬ ቀና ስል ብዕራቸውን አውጥተዋል።

«በጣም ጥሩ» አሉ እየጻፉ። «ሕዝቡ ከቤት ያለመውጣት አድማ ጀመረ።»