የአከራዬ ዋይፋይ

ሃያ ሁለት አካባቢ ሰርቪስ ቤት ስከራይ “ዋይፋይ አለው” ተብዬ ነበር። አልዋሹኝም፣ አለው። ራውተሩ በአከራዬ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ውስጥ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጋር ተቆልፎበት፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ ይኖራል። የአከራዬ ቤተሰብ፣ እኛ ተከራዮቹና በር ላይ ያለው ጁስ ቤት ከነደንበኞቹ በዚያችው አንድ መስመር እንጠቀማለን።

አከራዬ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እስከ ዛሬ አንቱ እያልኩ ነው የምጠላቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ኖረው ኖረው፣ ኢንተርኔትም እንደ ሮቶ ውሃ የሚጠራቀም ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ራውተሩን ይነቅሉታል፣ ለማታ እንዲበረክት።

“ጋሼ፣ ኢንተርኔት እኮ አይጠራቀምም” አልኳቸው አንድ ቀን። “መስመሩን የሚካፈለው በዚያው ሰዓት የሚጠቀም ሰው ነው። ሰው ሲበዛ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ያንሳል። ቡፌውና ግድግዳው ደግሞ የተረፈውን ያዳክሙታል።”

“ያንቺ ኮምፒውተር አርጅቶ ነው” ብለው ገቡ።

ስመኘው ለኖርኩት፣ ከቤት ሆኜ ለምሠራው ሥራ ለቪዲዮ ኢንተርቪው ስጠራ፣ በዚያ ሰዓት ራውተሩን እንዳይነቅሉት ቀደም ብዬ ለመንኳቸው። “ችግር የለም ልጄ” አሉኝ። ቀኑ ደርሶ ጠያቂዋ ፈገግ ብላ ስለ ራሴ እንድነግራት ጋበዘችኝ። ገና ማውራት ስጀምር ፊቷ ቆመ፣ ከዚያ ጠፋ። በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ሳሎን ገባሁ። ሶፋቸው ላይ ተጋድመዋል።

“ማታ ኳስ አለ። ትንሽ ይጠራቀም ብዬ ነው” አሉኝ።

ለምኜ አስከፍቼ ስመለስ ኢንተርቪው አብቅቷል። ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩ። ከቤት ለሚሠራ ሰው አስተማማኝ መስመር የመጀመሪያው መስፈርት ነው ብለው በትህትና አሰናበቱኝ። ያን ቀን አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቂም ያዝኩ።

ሲም የሚወስድ ራውተር ገዝቼ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩ። የምጠቀምበት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ መሐላችን ግድግዳም ቡፌም ስለሌለ፣ ይፈጥናል። ሌላ ቤት መፈለግ እችል ነበር። አልፈለግኩም፣ የሳቸውን ቀን ሳላይ አልሄድም አልኩ።

ቀኑ መጣ። ለሴት ልጃቸው ሽማግሌ ተላከ። ሊያገባት የፈለገው ልጅ አባት ውጭ አገር ናቸው፤ “ልጅቷን በራሴ አንደበት ነው የምጠይቀው” ስላሉ በቪዲዮ ሊገቡ ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገና ከመቀመጣቸው፣ በዚህ ከተማ እንግዳ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ፓስወርድ ጠየቁ። አከራዬም ክብር መስሏቸው ለሁሉም ሰጡ። የሽማግሌው ስልክ ሁሉ መስመሩ ላይ ተንጠለጠለ። አባትየው አፋቸውን እንደከፈቱ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀሩ።

በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው፣ በሙሉ ሱፍ፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ።

“ልጄ፣ ያንቺን ዋይፋይ ለአንድ አፍታ። ተዋረድኩ እኮ!”

“ጋሼ፣ በኢንተርቪውዬ ቀን ያደረጉኝን ያስታውሳሉ?”

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። “የምን ኢንተርቪው?”

እያስመሰሉ አልነበረም፤ ከልባቸው ረስተውታል። እኔ ሌሊት እየባነንኩ የማስበውን ነገር እሳቸው ኳሱን አይተው ተኝተውበታል። ትንሽ ይቅርታ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት እሰጣቸው ነበር።

“አልሰጥም” አልኩና በሩን ዘጋሁ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ “ሃሎ! ይሰማል?” እያሉ ግቢውን ዞሩት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ አባትየው ሳይናገሩ ነገሩን መጨረስ አይሆንም ብለው፣ ለሌላ ቀን ቀጥረው ተነሱ።

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም። ከሷ ጋር ጠብ የለኝም፣ ታሳዝነኛለች። አባቷ ግን በደጄ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩኝም። ይህቺን አልረሷትም።