ማንጎው ሥር ሳትነቃነቅ የቆመችው

ጅጅጋ ውስጥ ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የታናሽ ወንድሜ ጥሪ ቀደመኝ።

«ገደሉት» አለኝ።

«ማንን?»

«ታላቃችንን። ላንቴ ላይ። በገዛ ስታንዱ ቀጥቅጠው።»

ስታንድ የሚለው ካሜራ የሚቆምበትን ባለ ሦስት እግር ብረት ነው። ነጠላዬን መስቀለኛ እንዳጣፋሁ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ታላቅ ወንድሜ ያደግንበት ሰፈር ሲቀላ ያለውን የአባታችንን ፎቶ ቤት የወረሰ ነው። ከአባታችን ትልቅ የእንጨት ካሜራ ሣጥኑን ምስጥ በልቶት የነሐስ ሌንሱ ብቻ ተርፎ ነበር። ወንድሜ ያንን ሌንስ፣ ከአዲሷ ዲጂታል ካሜራው ጋር ለማጋባት ወራት ደከመ። ቶርኖ ቤት የብረት ቀለበት አስወጣ፤ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጥቁር ቆዳ መሃሉ ላይ ሰፋ። የተሳካለት ቀን ደወለልኝ።

«ካሜራዋ አባባን አላውቀውም አለችኝ። ‹ሌንስ የለም› እያለች እምቢ።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ሌንስ ባይኖርም አንሺ የሚል ማዘዣ አላት። እሱን ነካሁና ሸወድኳት።»

«በጾም ማታለል?»

«ለካሜራ ንስሐ አይገባም፣ እማሆይ።»

ከልጅነታችን ጀምሮ እማሆይ እያለ ነበር የሚያበሽቀኝ።

ያ ሌንስ ብርሃን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ትንፋሹን ውጦ ያልቆመ ሰው ፎቶው ላይ ጭስ ይሆናል። ወንድሜ ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው የሙዝ ገበሬዎች መንደር፣ ላንቴ፣ የሄደው አባታችን ድሮ ያነሳውን የማንጎ ዛፍ በዚያው ሌንስ ሊያነሳ ነበር። እጁ እንዳያነቃንቃት ካሜራዋን በየመሃሉ ራሷ እንድታነሳ አዘዛት፤ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦም አጎነበሰ።

ያን ሰሞን የሙዙ መሬት ተለክቶ ከገበሬው ሊወሰድ ነው ይባል ነበር። ቀያሾች እንዲሁ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክለው፣ እንዲሁ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከሙዙ ውስጥ የወጡት ወንዶች ያዩት ሦስቱን እግር ነው። ወንድሜን አላዩትም።

ለቀብሩ አልደረስኩም። ገላውን ያጠበው ጎረቤታችን «የቀኝ ጉንጩ አጥንት ከጣቴ ሥር ይንቀጫቀጭ ነበር» አለኝ። ሌንሱ ከመስኖው ቦይ፣ ደም ከጠጣው ጭቃ ውስጥ ተሰንጥቆ ወጣ።

ካሜራዋ ግን ስታንዱን ነቅለው እስኪጥሏት ድረስ ስታነሳ ነበር። በመጀመሪያው ፎቶ ማንጎው ብቻውን ነው። በሁለተኛው ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ወደ ሰዎቹ ሲሄድ ጀርባው ይታያል፤ ግማሹ ጭስ ሆኗል። በመጨረሻው ሁሉም ጭስ ነው። የተነሳ ዶማ፣ የወደቀ ነገር፣ ክንዱን ወደ ላይ የሰቀለ ነጭ ሸሚዝ። ፖሊስም አይቶ «ፊት የለውም» ብሎ መለሰልን።

«ነጭ ሸሚዙን አውቀዋለሁ» አለኝ ታናሽ ወንድሜ፣ ገጀራ እየሞረደ። «ሙዝ ጫኙ ነው።»

«ጭሱን በምን ለየኸው?»

«በቁመቱ።»

«ላንቴ ውስጥ ቁመት ያለው እሱ ብቻ ነው?»

«አንቺ ጸልዪ፣ እትዬ። እኔ የምችለውን ልሥራ።»

መጸለዩን ጸለይኩ። አፌ ይቅር በላቸው ሲል ጣቶቼ መቁጠሪያውን እንደ ሰው ጉሮሮ ያንቁት ነበር። ታናሽ ወንድሜን እግሩ ላይ ወድቄ እስከ ሙት ዓመቱ እንዲታገሠኝ አስማልኩት። ገጀራውን አልጋው ሥር አደረገው እንጂ አልጣለውም።

በዚያ የመጨረሻ ፎቶ ውስጥ ግን አንድ ሰው ጭስ አልሆነም። ከማንጎው ግንድ አጠገብ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ፣ የነጠላዋ ጥለት፣ እግሯ ላይ የደረቀው ጭቃ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ያ ሁሉ ሲሆን አንድም ጊዜ አልተነቃነቀችም።

እዚያ የነበራችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ ወይም ሲነበብ ከሰማችሁ ለእሷ አድርሱልኝ። እህቴ፣ ከመቺዎቹ ውስጥ ያንቺ ሰው ካለ መፍራትሽ ይገባኛል። ስም እንድትጠሪም አልለምንሽም። ያ ነጭ ሸሚዝ ክንዱን ያነሳው ሊመታ ነበር ወይስ የተነሳውን ዶማ ይዞ ሊያስቀር? ይህን ብቻ ለአገር ሽማግሌዎች ንገሪ። እኔ ጭሱን ደጋግሜ አይቼው መለየት አልቻልኩም፤ አንቺ ግን ቆመሽ አይተሻል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ንገሪልኝ።