ፍሊት የተነፋበት ካሴት

ወዬሳ የቪዲዮ ካሴቱን ከፌስታሉ ሲያወጣ ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ክዳኑን ሲከፍት የበረሮ እንቁላል ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። በቴፑ ጥቅል ጠርዝ ነጭ ሻጋታ በቅሏል፤ ቴፑ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል።

«ምን አድርገሽበት ነው?» አላት ዘርፉን። ዘርፉ መቂ ላይ ሽንኩርት ትነግዳለች።

«ምንም። መጋዘን ነበር። በረሮ ሲገባበት ፍሊት ነፋሁበት።»

«ካሴት ላይ?»

«ታዲያ በረሮውን ላሳድገው፣ ጋሽ ወዬሳ?»

አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ አዳማ ውስጥ ሰርግ ሲቀርጽ ኖሯል፤ የእሷንም የቀረጸው እሱ ነው። ሲያስረክብ ለሙሽሮች ሁሉ የሚናገራት ነገር ነበረችው፦ ካያችሁ በኋላ እስከ መጀመሪያው አጠንጥኑት፣ በሳጥኑ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ከሙቀትና ከአቧራ አርቁት። ሰው እሺ ብሎ ይወስድና ዳንቴል አልብሶ ቴሌቪዥን ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ ካሴቱ በዘመድ ይዞራል፤ ሞጆ፣ ዝዋይ፣ መተሃራ። ወጥ የነካው ጣት ሁሉ ያርፍበታል። ዛሬ እንጀራው ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሲሆን፣ ያ ሁሉ እድፍ ተመልሶ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይራገፋል።

የዘርፉ ልጅ ገላኔ እሁድ ላንጋኖ ትዳራለች። ዘርፉ የሞቱት እናቷ በራሷ ሰርግ የመረቁትን ምርቃት እዚያ ማሰማት ፈልጋለች። ሌላ ቅጂ የለም። ለወዬሳም የቀረው ካሴት ማጫወቻ አንድ ዴክ ብቻ ነው።

«ይሄ ሻጋታ ዴኬን ይገድለዋል።»

«እናቴ አንዴ ሞተዋል። ደግመው አይሙቱብኝ።»

አፍንጫውን በጭንብል ሸፍኖ ቴፑን አውጥቶ ወደ ንጹሕ ባዶ የካሴት ቀፎ አዛወረ። በእጁ እያጠነጠነ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ጠቆረ። የበረሮ እግር ይዞ ወጣ። ወዬሳ ደጅ ወጥቶ ምራቁን ተፋና ተመለሰ።

ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከትቶ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሲጀምር፣ እናትየው መዳፋቸውን ዘርግተው ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ወዲያው ምስሉ ነጭ ብናኝ ሆነ፤ ምስሉን ከቴፑ ላይ የሚያነበው የዴኩ ሄድ በሻጋታ ተደፍኗል። ድምፁን የሚያነበው ሌላ ሄድ ነውና ምርቃቱ አልተቋረጠም፤ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀላቀለ ወረደ። ዴኩ ከውስጡ የመፋቅ ድምፅ ያሰማ ጀመር። ወዬሳ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳርፎ እስከ አሜን ጠበቀ።

«ፊታቸውስ?»

«ፊታቸውን አንቺና ፍሊትሽ በላችሁት። ድምፃቸውን ውሰጂ።»

ዘርፉ ዓይኗን ጠርጋ ፍላሹን ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሸቀችው። ላብ እንዳይነካው ሊላት አፉን ከፈተና ተወው።

ስትወጣ የዴኩን ክዳን ፈታ። ሄዱ ተቧጭሯል። ሽታው አሁን ከዚያም ይወጣል።