የአዳም ራስ በጆንያ ላይ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ ስገባ ሌላ ሌላውን ዘክዝኬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። አሁን አርጅቻለሁ፤ እንግዲህ አንተ ስማኝ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሥዕል ሠሪ ነበርሁ። ፊደል ላልቆጠረ ገበሬ መመሪያውን በሥዕል ማስረዳት ነበር ሥራዬ። አንድ ዓመት ተባይ እንዳይነካው መርዝ የታሸ የበቆሎ ዘር ሊታደል ሆነ። ይዘራል እንጂ አይበላም። ይህን ያለ ፊደል የሚናገር ምልክት ለጆንያው እንድሠራ ታዘዝሁ። እኔም የራስ ቅል ከሁለት የተጣመሩ አጥንቶች ጋር ሳልሁ። ድንቄም ባለሙያ!

ዘሩ ሳይመጣ፣ ለሙከራ ወረቀቱን ይዤ ከከተማው አጠገብ ወዳለችው ገጠር ወደ ሰባታሚት ሄድሁና አያ ሙጬ ለሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አሳየኋቸው። ምን ይታይዎታል አልኋቸው። ፊታቸው በራ።

«የአዳም ራስ ነዋ! ከስቅለቱ ሥዕል ግርጌ ያለው፣ የጌታ ደም የፈሰሰበት። እሰይ፣ የተባረከ ነገር ልታመጡልን ነው!» ብለው ወረቀቱን ተሳለሙት።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር? አባቴ እኮ ጣና ላይ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር! ያንን ራስ ቅል ከመስቀሉ ሥር ሲስል ቀለም የበጠበጥሁለት እኔ ነኝ። ግን ስቀጠር የሸማኔ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ የቤተ ክህነት ዘር ነው ያለውን ሁሉ በዐይነ ቁራኛ ይጠብቅ ነበርና። ስለ አዳም ራስ ብናገር ከየት አወቅህ ሊለኝ ነው። ፈራሁ። የሙከራውን ውጤት በምሞላበት ቅጽ ላይ «ምልክቱን ተረድተውታል» ብዬ ጻፍሁ። ማንም እጄን ይዞ አላስጻፈኝም፤ እኔው ጻፍሁት። አያ ሙጬንስ ቀስ ብዬ መርዝ ነው ብላቸው ምን ነበረበት? ሲታደል ሌላ ሰው ይነግራቸዋል ብዬ ራሴን ሸነገልሁ።

የነገራቸው የለም። ተረድተውታል ተብሏልና አስረጂ ሳይላክ ጆንያው ብቻ ሄደ።

አያ ሙጬ ከዘር የተረፈውን የተባረከ ነው ብለው ለማርያም ዝክር አስቀመጡት። በዕለቱ እሳቸው መሸንቲ ገበያ ውለው፣ ባለቤታቸው እመት እናኑ አጥበው ንፍሮ ቀቀሉት። ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቀመሱት። ሦስቱም አልተረፉም።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌው ቢሮ መጡ። ካድሬው የገበሬው ድንቁርና ነው እያለ ተቀምጧል። አያ ሙጬ እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያን ቀን የአዳም ራስ ነው ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?»

ካድሬው ቀና ብሎ አየኝ።

«አልሰማሁዎትም» አልሁ።

አልተቆጡም። ወይ ነዶ፣ ምነው በሰደቡኝ! «እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ነበረብኝ» ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። «እናኑን የገደልኋት እኔ ነኝ» እንዳሉ ሞቱ ሲባል ሰማሁ።

ካድሬውም ዘመኑም ያልፋል፤ አልፏልም። የፈራሁት ሁሉ ሲያልፍ እንኳ መቃብራቸው ድረስ ሄጄ አልተናገርሁም። ስለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም።

ሰምቼዎት ነበር፣ አያ ሙጬ። ጥርት አድርጌ ሰምቼዎት ነበር።