ማላኪን የሚያነሱ አራት ሄሽኖች

እኛ ሰፈር ሬሳ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሳጥኑን መጀመሪያ የሚያነሱት የሟቹን የዘር ስም የሚጋሩ አራት ሰዎች ናቸው። ደጁን ካለፈ በኋላ ማንም ይሸከመው። አራት ሰው ያልተገኘለት ግን ወገን አልነበረውም ይባላል። ማላኪ ሄሽን ከሞቱ ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነበር።

ጎረቤቴ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ በሰው ማሳ ዳር የድንጋይ ካብ ሲክብ ኖረ፣ ሚስትም አላገባ። ሄሽን የሚባሉት ዘመዶቹ ሁሉ ባሕር ተሻግረው እዚህ የቀሩት እሱና እህቱ አትራክታ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ አንድ በጋ የዓለም ሄሽኖች ለዘመድ ጉባኤ በአውቶቡስ ግር ብለው መጡልን። የሰፈሩን አዳራሽ በዝነኞቻቸው ፎቶ ሞሉት፤ ጳጳሱ፣ ሴናተሩ፣ ቦክሰኛው። ማላኪ ያቺኑ አንዲት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከፎቶ ፎቶ ይጎትተኛል።

«ይሄ ሴናተር እኮ ሥጋዬ ነው!»

«ሴናተሩ ያውቅሃል?»

«አንተ ምቀኛ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ሲባል አልሰማህም?»

«አንተ የትኛው ነህ ታዲያ?» አልኩት። ሳቀ፣ ደስ ብሎት ነበር።

ማታውን ቢራ ሲጠጣ ልመናውን አወጣው፦ ስሞት አራታችሁ አንሱኝ። አራት ጎረምሶች ዘለው ተነሡ። «ጥሩን እንጂ እንበራለን!» አሉ፤ ከአራቱ አንዱ፣ ከቦስተን የመጣው ሐኪም፣ እንዲያውም አቅፎት አለቀሰ።

በየካቲት ማላኪ ሞተ። አትራክታ ለአራቱም ደወለች። አንዱ ሥራ በዛብኝ አለ፣ አንዱ ልጄ ታመመች፣ አንዱ ጭራሽ ስልኩን አላነሳም። ሐኪሙ አበባ ላከ። አበባ ሳጥን ያነሳል እንዴ?

ቅዳሴው አልቆ እኛ ጎረቤቶቹ ልናነሳው ስንጠጋ አትራክታ ሳጥኑ ላይ ተደገፈች። «አይነሳም» አለች። ቤተ ክርስቲያናችን ቀብር በኢንተርኔት የሚያሳይ ካሜራ አለው፤ ሄሽኖቹም በየአገራቸው ሶፋቸው ላይ ሆነው እያዩ ነበር።

«ስልክህን አውጣና የሚጽፉትን አንብብልኝ» አለችኝ። « ምን ይላሉ?»

«ነፍስ ይማር ይላሉ። የልብ ምስልም ልከዋል።»

«መንገድ ላይ ነኝ የሚል አለ?»

«የለም፣ አትራክታዬ።»

ከሳጥኑ ቀና አለች። ከዚያ እጇን አነሳች። «በሉ እንግዲህ፣ እናንተው አንሱት።»

አነሳነው። ሄሽኖቹን የሰደብኩትን ስድብ ቄሱ ሰምተዋል፣ ይስሙ!

በፋሲካ ሰሞን ድንጋይ ጠራቢው የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙን ሊቀርጽ መጣ። «ማላኪ» ብሎ ጽፎ ሄሽንን ሊቀጥል ሲል አትራክታ መዶሻውን ያዘችበት።

«ይበቃል።»

«እንዴ አትራክታ!» አልኩ። «የዘር ስሙን እኮ ነፍሱን እስኪስት ይወደው ነበር!»

«እሱማ ወደደው። ስሙ መቼ ወደደው?»

ድንጋዩ ላይ ማላኪ ብቻ ተጻፈ። ከሥሩ ለራሷ ያስቀረችው ቦታም ከአንድ ቃል በላይ አይዝም።